የ15 ደቂቃ ዘበኛ

በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ከኦሽኮሽ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ሁለት ወንድማማቾች ከእናታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ታላቁ ቁጥር ወዳድ ነው፤ ሳይመዝንና ሳያሰላ ምንም ነገር አይጀምርም። ታናሹ ሰው እንዲመቸው የሚጨነቅ ነው፤ ወንበር ሲሠራ እንኳ አስቀድሞ የሚያስበው ስለሚቀመጥበት ሰው ወገብ ነው። አባታቸው ሲሞት አንድ ጋራዥና ጋራዡን የሞላ የእጅ መሣሪያ ትቶላቸው ስለነበር፣ በዚያ ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን በገዛ እጃቸው ሊሠሩ ተስማሙ።

ይህ በዚያ አገር ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ፖል ፖበሬዝኒ የተባለ ሰው ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ በዚያው በዊስኮንሲን አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎችን ማኅበር መሠረተ። ከ1970 ጀምሮ የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የሚካሄደው ኦሽኮሽ ላይ ነው፤ በሐምሌ፣ ጉባኤው በሚካሄድበት ሳምንት፣ ከ10,000 በላይ አውሮፕላኖች ወደ አካባቢው ይጎርፋሉ። ወንድማማቾቹም ከልጅነታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ወደ ሰማይ አንጋጠው ያደጉ ናቸው።

የአገሩም ሕግ ይፈቅድላቸዋል። ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ፣ ለመማር ወይም ለመዝናናት ብሎ፣ በገዛ እጁ የሠራ ሰው አውሮፕላኑ ታይቶለት የሙከራ አውሮፕላን የሚል የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ፋብሪካ ሠርቶ ለሚሸጠው አውሮፕላን የተጻፈው ዝርዝር ደንብ እሱን አያስገድደውም። ብዙ ፈጠራ የተወለደው ከዚህ ነፃነት ነው፤ የወንድማማቾቹም ጠብ የተወለደው ከዚሁ ነው።

ክንፉ አለቀ፣ ጅራቱ ተገጠመ፣ ሥራው ከሞተሩ ክፍል ደረሰ።

እንዲህ ባለ አውሮፕላን ላይ ሞተሩ ከፊት ነው። በሞተሩና በተሳፋሪዎቹ ጉልበት መካከል አንድ ግድግዳ ብቻ አለ። ከግድግዳው ወዲያ ቤንዚን አለ፣ የጋለ ዘይት አለ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አለ፣ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ጋዝ የሚያልፍበት የጭስ ማውጫ አለ። ከግድግዳው ወዲህ የሰው እግር አለ። አንድ የቤንዚን ቱቦ ቢላላ ጠብታው የሚያርፈው በጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያ ግድግዳ ክፍል መለያ ብቻ አይደለም፤ ዘበኛ ነው። ወንድማማቾቹ የተጣሉት ዘበኛው ማን ይሁን በሚለው ነበር።

ታላቁ አሉሚኒየም አለ። «አውሮፕላኑ ሁሉ አሉሚኒየም ነው፤ ግድግዳውን ለይተን ከከባድ ብረት የምንሠራው ለምንድን ነው? ስፋቱ 0.6 ሜትር ካሬ ይሆናል። 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው አሉሚኒየም ብንሠራው 1 ኪሎ ገደማ ነው። በስቴንለስ ላሜራ ከሆነ 0.4 ሚሊሜትሩ እንኳ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። በየቦታው አንድ አንድ ኪሎ እየጨመርን ከሄድን ከመሬት የሚነሣ ነገር አይኖረንም» አለ።

ታናሹ ስለ ላሜራው ዓይነት ብዙም አልተከራከረም። የእሱ ሐሳብ ከላሜራው ጀርባ ነበር። «የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እናታችን ናት። እግሯን ያማታል፤ ሙቀትና ጩኸት አትችልም። በተሳፋሪው በኩል የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለው፣ ላዩ ፎይል የለበሰ ስፖንጅ እንለጥፍበት። ለላሜራው ስቴንለስ ይሁን፤ ለእናቴ ግን ስፖንጁ የግድ ነው» አለ።

«ሕጉ ይህንንም ያንንም አያዘንም፤ የምንመርጠው እኛ ነን» አለ ታላቁ።

«እንግዲያው እኔም ከመራጮቹ አንዱ ነኝ» አለ ታናሹ።

ከዚያ በኋላ ተኳረፉ። ጋራዡ ወር ሙሉ ተዘጋ። በመጨረሻ እናታቸው ሁለቱንም ይዛ ጎረቤት ወደሚኖሩ ሽማግሌ ሄደች። ሰውየው ዕድሜያቸውን በብየዳ ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡ ናቸው። ክርክሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና ታላቁን ጠየቁት።

«ሕጉ ምን ይላል?»

«እኛን አይመለከትም። የተጻፈው ለፋብሪካዎቹ ነው።»

«ለእናንተ ባይጻፍም ማንበብ አልተከለከለም» አሉ ሽማግሌው።

አነበቡት። ለተመሰከረላቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች ለረጅም ዓመታት ያገለገለው የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ስለዚህ ግድግዳ በግልጽ ይናገራል። ጎንና ጎኑ 25 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ላሜራ 1,093 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ነበልባል ፊት ይቆማል፤ 15 ደቂቃ ሙሉ ነበልባሉ ዘልቆ ማለፍ የለበትም። እንዲህ ሳይፈተኑ የሚታመኑትንም በስም ይጠራል። ውፍረቱ ቢያንስ 0.38 ሚሊሜትር የሆነ ስቴንለስ፣ ከዝገት የተጠበቀ 0.46 ሚሊሜትር ተራ ብረት፣ 0.41 ሚሊሜትር ቲታኒየም ከእነዚያ መካከል ናቸው። ታላቁ ወንድም ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየው፤ አሉሚኒየም የሚል አላገኘም።

«15 ደቂቃ የተባለው ለምን ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁ ሽማግሌው። መልስ ሲያጡ ራሳቸው ቀጠሉ። «ከፊትህ እሳት ሲነሣ ቤንዚኑን ትዘጋለህ፣ ኤሌክትሪኩን ታጠፋለህ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ እግርህ የሚመጣውን የማሞቂያ አየር ትዘጋለህ። ከዚያ መውረድ ነው። 2,000 ሜትር ላይ ብትሆን በፍጥነት ወርደህ እንኳ መሬት ለመድረስ 5 ደቂቃ ያህል ይፈጅብሃል። ሜዳ መፈለግ አለ። ማረፍ አለ። በር መክፈት አለ። አሮጊት ሰው ከወንበር ማንሣት አለ። ዘበኛው እሳቱን እንዲያጠፋልህ አይጠበቅበትም፤ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ቆሞ እንዲጠብቅህ ብቻ ነው። እኔ ብፈርድ አንዳችሁ ትቀየማላችሁ፤ ነበልባሉ ይፍረድ። ቅዳሜ ኑ።»

ቅዳሜ ጠዋት ከሽማግሌው ጋራዥ ጀርባ ተሰበሰቡ። በሞርሳ የሚታሰር ማቆሚያ ተዘጋጅቷል፤ ከሲሊንደር ጋዝ የሚተፋ ቧንቧ ተገጥሟል፤ የነበልባሉን ሙቀት የሚለካ ቴርሞካፕል ተተክሏል። ሽማግሌው ከላሜራው ማቆሚያ ጀርባ፣ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ቁራጭ የሱፍ ጨርቅ ሰቀሉ። «ይህ የተሳፋሪው ልብስ ነው» አሉ። ሰዓቱን እናትዬዋ ያዘች።

መጀመሪያ የቆመው አሉሚኒየሙ ነበር። የጋለ ብረት ሲቀላ ያየ ሰው አሉሚኒየምም አስቀድሞ እየቀላ የሚያስጠነቅቅ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ለአውሮፕላን የሚሆነው ድብልቅ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት መላላት ይጀምራል። በቀን ብርሃን ቀለሙ ሳይለወጥ፣ እንደ ነጣ፣ ድንገት መሐሉ ረገበ፣ ከዚያ ተቀደደ። ነበልባሉ በቀዳዳው አልፎ ሱፉን ያዘው። እናትዬዋ ሰዓቱን አየች፤ አንድ ደቂቃ አልሞላም ነበር። ታላቁ ወንድም ለብዙ ጊዜ የተሟገተለትን ላሜራ ዝም ብሎ ተመለከተ።

ቀጥሎ የታናሹ ምርጫ ቆመ። 0.4 ሚሊሜትር ስቴንለስ ከነበልባሉ በኩል፣ ፎይል የለበሰው ስፖንጅ ደግሞ በማጣበቂያ ከጀርባው። ላሜራው ቀላ፣ ከዚያም ወደ ብርቱካንማ ተለወጠ፤ ሳይበሳ ግን ቆመ። ስቴንለስ የሚቀልጠው ከ1,400 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ነበልባሉ አልቻለውም። ታናሹ ፊቱ ሲፈካ ሽማግሌው ወደ ጀርባው እንዲዞር አመለከቱት። ማጣበቂያው እየጨሰ ነበር። ቀጭን ብረት ነበልባልን ይከለክላል እንጂ ሙቀትን አይከለክልም፤ ከፊቱ የተቀበለውን በጀርባው ያስረክባል። ፎይሉ ተላቀቀ፤ ስፖንጁ ጠቆረ፣ ከዚያ ነደደ፣ እየነደደም ይንጠባጠብ ጀመር። በሦስተኛው ደቂቃ ሽማግሌው ጋዙን ዘጉ። ነበልባሉ ጠፋ፤ ስፖንጁ ግን መንደዱን አላቆመም።

«ከዚህ ዓይነቱ ስፖንጅ የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሳያናይድ አለበት» አሉ ሽማግሌው። «እሳቱ ከግድግዳው ወዲያ እንደቆመ፣ አብራሪው ከግድግዳው ወዲህ በጭስ ራሱን ይስታል። ዘበኛው አልከዳችሁም። ጠላቱን ከዘበኛው ጀርባ ያስቀመጣችሁት እናንተው ናችሁ።»

ታናሹ ዓይኑን ወደ እናቱ አላነሣም። እሷ ግን ክንዱን ያዘችው። «ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ» አለችው። እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አብዝቶ የሚከብደኝ ይህ ቦታ ነው። ግዴለሽ ሰው የሚያደርሰውን ጥፋት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፍቅር ያለ ዕውቀት በገዛ እጁ የሚለጥፈውን ስፖንጅ ግን ማንም አይጠረጥረውም። ለእናቱ የሚራራ ልጅ ሙቀት መከላከያ ሲገዛ በማሸጊያው ላይ የሚያነበው ስንት ዲግሪ እንደሚከላከል ነው። ሲነድ ምን እንደሚሆን አይጠይቅም። ልንጠይቅ የሚገባን ሁለተኛውን ነው።

የቀሩት በየተራ ቆሙ። ሽማግሌው ከጓሮ ያመጡት፣ ግማሽ ሚሊሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ቤት የሚከደንበት ዓይነት ቆርቆሮ ነጭ ጭስ አወጣ፤ ላዩ የተለበጠበት ዚንክ ነው፤ ጭሱ ስለሚጎዳ ሁሉንም ከነፋሱ በላይ ወዳለው ቦታ አዛወሯቸው። ቆርቆሮው ግን 15 ደቂቃውን ጨረሰ። ከዚያ ትንሽ የቲታኒየም ቁራጭ ቆመ፤ እሱም ጨረሰ። ታላቁ ወዲያው ሲያሰላ የቲታኒየሙ ግድግዳ 1.1 ኪሎ ገደማ ሆነለት፤ ከአሉሚኒየሙ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ዋጋው የስቴንለሱን ብዙ እጥፍ ነው፤ ሲታጠፍም ጥንቃቄ ካልተደረገለት ይሰነጠቃል። ገንዘብ ያለው ሰው ቢመርጠው ትክክል ነው። ለእነሱ ግን አቅማቸው አልነበረም፤ ሽማግሌውም «ሀብታም መሆን ግዴታችሁ አይደለም፤ ከጓሮ የመጣው ቆርቆሮ ሲቆም አይታችኋል» አሏቸው።

በመጨረሻ የቆመው የሽማግሌው የራሳቸው ሥራ ነበር። ያው 0.4 ሚሊሜትር ስቴንለስ ነው፤ ግን በሞተሩ በኩል 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ከአሉሚናና ከሲሊካ የተሠራ የሴራሚክ ጭረት ምንጣፍ ለብሷል፤ በምንጣፉ ላይ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ የስቴንለስ ፎይል ተጋርዶ ጠርዙ ዙሪያውን ታሽጓል። ምንጣፉን ሲቆርጡ አፍና አፍንጫቸውን በጭንብል ሸፍነው ነበር፤ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም። ፎይሉ የተጋረደበትም ምክንያት አለው፤ ባዶውን የተተወ ምንጣፍ የሚንጠባጠበውን ዘይትና ቤንዚን ይመጥጣል፤ እሳት የሚከላከለው ዕቃ ራሱ እሳት የሚመግብ ይሆናል።

ነበልባሉ ተለኮሰ። በዚህ ጊዜ 15 ደቂቃው ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ሁሉም አወቁት። ማንም አላወራም። እናትዬዋ በየደቂቃው ቁጥሩን ትጠራለች። በሰባተኛው ደቂቃ ላይ «አሁን መሬት ደርሰናል?» ብላ ጠየቀች። «ከሞላ ጎደል» አሉ ሽማግሌው። ሰዓቱ ሲያልቅ የላሜራው ጀርባ ሞቋል፤ በእጅ የሚነካ አልነበረም፤ ሙቀቱ ግን ዘግይቶ መጣ፣ እንደ ባዶው ላሜራም አልቀላም። ሱፉ አልነደደም።

ታላቁ ወረቀቱን አውጥቶ ደመረ። ላሜራው 1.9 ኪሎ፣ ምንጣፉ 0.3፣ ፎይሉ 0.25፤ ሁሉም ተደምሮ 2.5 ኪሎ ገደማ። ከአሉሚኒየሙ ግድግዳ የሚበልጠው በ1.5 ኪሎ ነው፤ የ2 ሊትር ቤንዚን ክብደት። ወር ሙሉ የተኳረፉበት ይኸው ነበር። ወረቀቱን ለወንድሙ ሰጠው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መነጋገር ጀመሩ።

የታናሹ ጭንቀት ግን ገና መልስ አላገኘም። የእናቱ እግርስ? እዚህ ላይ ሽማግሌው ለዩለት። ሁለት ዓይነት ሙቀት አለ። አንዱ የየዕለቱ ነው፤ ከጋለው ጭስ ማውጫ እንደ ፀሐይ ጨረር የሚመጣ። ሌላው የአንድ ቀን ነው፤ እሳቱ። የየዕለቱን ሙቀት የሚያብለጨልጭ ገጽ ይመልሰዋል፤ በዚህ አሉሚኒየም እንኳ ጎበዝ ነው፣ አብዛኛውን ጨረር ወደመጣበት ይመልሳል። ነገር ግን የሚያብለጨልጭ ነገር ሥራውን የሚሠራው ፊቱ ክፍት አየር ሲኖር ብቻ ነው፤ ከጋለ ላሜራ ጋር ከተጣበቀ የሚመልሰው ጨረር የለም፣ ሙቀቱን እንደማንኛውም ብረት ያስተላልፋል። ታናሹ ስፖንጁን ከፈለገበት ቦታ አስወገደና ከጭስ ማውጫው ጎን፣ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ትቶ፣ የተወለወለ የስቴንለስ ጋሻ አሰረ። አየር በሁለቱም በኩል ያልፍበታል። ሙቀቱን ከምንጩ ያዘው ማለት ነው። ለጩኸቱ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ገዛላት። ከግድግዳው ወዲህ የሚነድ ነገር አንድም አላስቀረም።

ሰው ይህን ሁሉ አድርጎ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሽማግሌው ግን ግድግዳው ተገጥሞ ሲጠሯቸው ላሜራውን ገና በሩቁ አይተው አለፉት፤ የሄዱት ወደ ቀዳዳዎቹ ነበር። የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠር ካቦ ያልፋል፣ የቤንዚን ቱቦ ያልፋል፣ የሽቦ ጥቅል ያልፋል፣ የማሞቂያ አየር የሚገባበት 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳም አለ። ካቦዎቹ ያለፉት በጎማ ቀለበት ውስጥ ነበር። የቤንዚን ቱቦው መገጣጠሚያ ሰማያዊው ነበር፤ በአውሮፕላን ሥራ ሰማያዊው አሉሚኒየም ነው፣ ጥቁሩ ብረት። የማሞቂያው ሳጥን አሉሚኒየም ነበር። ክፍተቶቹ የተደፈኑት በቀይ ሲሊኮን ሲሆን፣ በሲሊኮኑ ቱቦ ላይ የተጻፈው 340 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በነበልባሉ ፊት ያየነው 1,093 ነው።

«ዘበኛውን ጥሩር አለበሳችሁት» አሉ ሽማግሌው፤ «ግን በየቦታው ተቦድሷል። እሳት የሚገባው በበረታው በኩል አይደለም።»

ታናሹ ሳይከራከር ሁሉንም ፈታ። ለካቦዎቹ የብረት ማሳለፊያ፣ ለቤንዚኑ ጥቁሩን የብረት መገጣጠሚያ፣ ለማሞቂያው የስቴንለስ ሳጥን ገጠመ። በሞተሩ ክፍል ያሉትን የቤንዚንና የዘይት ጎማ ቱቦዎች ሲሊኮን በተቀባ የመስታወት ጭረት እጅጌ አለበሳቸው። ክፍተቶቹን እሳት ሲነካው እያበጠ ቀዳዳ በሚዘጋ ማሸጊያ ደፈነ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ታላቁ የግድግዳውን ዙሪያ ከአካሉ ጋር ያያያዘው በአሉሚኒየም ሪቬት ነበር፤ ያም ሲቀልጥ ግድግዳው ቆሞ ጠርዙ ይከፈታል። በዚያን ጊዜ ግን ሞተሩ ተሰቅሏል። ሪቬቱን ለመቀየር ሞተሩን ማውረድ፣ የገጠሙትን ሁሉ መፍታት ያስፈልጋል። ታላቁ «ይህስ በዛ። ሕጉ አያዘንም» አለ። ሽማግሌው አልመለሱለትም።

የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው መርማሪ ከመምጣቱ በፊት አንድ ግዴታ ነበረባቸው። ሕጉ ለቤት ሠሪው ብዙ ነገር ቢተውለትም ይህን አይተውም፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት በሚያየው ቦታ ላይ አንድ ጽሑፍ መለጠፍ አለበት። ጽሑፉ አውሮፕላኑ በግለሰብ እጅ የተሠራ መሆኑን፣ ለመደበኛ አውሮፕላኖች የወጣውን የፌዴራል የደኅንነት ደንብ የማያሟላ መሆኑን ይናገራል። ታላቁ በጥንቃቄ ለጠፈው። እናቱ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«ለማን ነው የተጻፈው?»

«ለተሳፋሪው።»

«ለእኔ ማለት ነው።»

«ለአንቺ።»

«ደንቡ አይጠብቅሽም ነው የሚለኝ?»

«አዎ» አለ ታላቁ።

«ታዲያ የሚጠብቀኝ ማን ነው?»

ታላቁ ወንድም ጽሑፉን እንደገና አነበበ። ሕጉ ነፃ ያወጣው እሱን ነበር፤ እናቱን ነፃ አላወጣትም፣ ለእሱ ጥሏት ሄደ እንጂ። ደንብ የሚሸከመውን ሸክም ከደንቡ ላይ ያነሣ ሰው በራሱ ትከሻ ላይ እንዳደረገው እስከዚያች ሰዓት አልገባውም ነበር። እንዲህ ያለውን ነፃነት የሚወድ ሁሉ፣ በአውሮፕላንም ይሁን በቤት ሥራ ወይም በመድኃኒት ቅመማ፣ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ይመስለኛል። የአውሮፕላኑ ሠሪ አደጋውን ያውቃል፣ መዝኖ ይቀበላል። ጎኑ የምትቀመጠዋ ግን የምታየው የልጇን ፊት ብቻ ነው።

በነጋታው ሞተሩን አወረደ። የአሉሚኒየሙን ሪቬት አንድ በአንድ በስቶ አወጣ፣ በብረት ሪቬት ተካው። መርማሪው መጣ፣ አየ፣ ወረቀቱን ሰጠ። ለእነሱ የተወሰነላቸው የሙከራ በረራ 40 ሰዓት ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተሳፋሪ መያዝ አይፈቀድም። ሰዓቱ ሲሞላ እናታቸው ወጣች፤ እግሯ አልሞቀም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ እሳት የሚነሣ መስሎህ እየጠበቅህ ከሆነ፣ አልተነሣም። አውሮፕላኗ ዓመታት በረረች፤ ያ ግድግዳ ግን አንድም ቀን አልተፈተነም። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ግድግዳዎች ዕድሜያቸውን ጨርሰው የሚፈርሱት ነበልባል ሳያዩ ነው። እሳት አምጥቼ ሽማግሌውን እውነተኛ ማድረግ እችል ነበር፤ ይህ ግን አግባብ አይሆንም። የጠንቃቃውን ሰው ትክክለኛነት የሚያረጋግጠው እሳቱ ከሆነ፣ እሳቱ ባልመጣ ጊዜ ሁሉ ግዴለሹ ትክክል ሊሆን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጋራዡ ጀርባ የታየው በቂ ነው። አሉሚኒየሙ ደቂቃ አልቆመም፤ እሳት መጣም አልመጣም ይህ አይለወጥም። ጅብ ከሄደ በኋላ ለሚጮኽ ውሻ ቀለብ የሚሰፍር የለም፤ ጅብ ሳይመጣ ያደረውን በረት ደግሞ የሚያመሰግን የለም። ታላቁ ወንድም ግን አመሰገነ። አውሮፕላኗ በተመዘነች ቁጥር ያን 1.5 ኪሎ በመዝገቡ ላይ ያየዋል፤ ይቀነስ ብሎ አያውቅም።

እናታቸው ካረፈች በኋላ አውሮፕላኗን ሊሸጧት ወሰኑ። ከሌላ ግዛት አንድ ገዢ መጣ፤ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ። ቀለሙን አደነቀ፤ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ጠየቀ፤ የመሣሪያዎቹን ሰሌዳ አስበርቶ አየ። ስለ ግድግዳው አልጠየቀም። ታላቁ ወንድም ሳይጠየቅ ኮፈኑን ከፈተ፤ ፎይሉን፣ ጥቁሩን መገጣጠሚያ፣ የብረቱን ሪቬት እያመለከተ አንድ በአንድ አስረዳው። ገዢው ለምን ይህን ሁሉ እንደሚነግረው ግር አለው። «ቀጥሎ ከጀርባው የምትቀመጠው አንተ ነህ» አለው ታላቁ፤ «ከተሳፋሪው በኩል ምንም ስፖንጅ አትለጥፍበት። ልጅህ ሙቀት ከተሰማው ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ጋሻ እይ።»

አንተም ይህን የምታነብ፣ በሰው እጅ የተሠራ አውሮፕላን ልትገዛ ብትነሣ ወይም ወዳጅህ «ና አብረን እንብረር» ቢልህ፣ ከመውጣትህ በፊት ኮፈኑን አስከፍት። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ጠይቅ። ካቦዎቹና ቱቦዎቹ በምን በኩል እንደሚያልፉ፣ የማሞቂያው ሳጥን ብረት ይሁን አሉሚኒየም፣ ሪቬቱ ምን እንደሆነ ጠይቅ። ከዚያ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለህ በእግርህ በኩል የተለጠፈውን ዳብሰው፤ ሲነድ ምን እንደሚሆንም ጠይቅ። ሠሪው መልስ ካለው አብረኸው ብረር። ከሌለው ግን፣ ወዳጅህ ቢሆንም፣ አትሳፈር።